ስኳር ጤፍን ከድርቅ ያድናል? ከእነማይ የተነሳ ጥያቄና የተከተለው ክርክር

የክሩ (በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ በተከታታይ የተጻፈው ጥያቄና መልስ) መነሻ ጽሑፍ አጭር ናት። ጸሐፊው የእነማይ ልጅ ነው። ራሱ ባሕር ዳር ይሠራል፤ አባቱ ቢቸና አጠገብ ጤፍ ያርሳሉ። አባትየው ጤፉ ሳያሽት ዝናቡ እንዳይቆርጥ ሰግተዋል። በገበያ ቀን አንድ ነጋዴ ጠርሙስ ይዞ ቀረባቸው። ውስጡ ትሬሃሎዝ የሚባል ስኳር እንዳለ፣ ቅጠል ላይ ከተረጨ ሰብሉ ድርቅም ጨውም እንደሚችል ነገራቸው። አባት ለልጅ ደወሉ። ልጁ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ነገሩ ጭራሽ ውሸት ሆኖ አላገኘውም፤ ስለ ትሬሃሎዝ የተጻፈው ጥናት መዓት ነው። ግራ ሲገባው መድረኩ ላይ ጠየቀ። እውነት ስኳር ተክልን ከድርቅ ይከላከላል? ከሆነ ጠርሙሱ ይገዛ? ወይስ የሱቅ ስኳር በጥብጦ መርጨት ይበቃል?

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ሦስት ነው። መልስ ሰጪዎቹ አንዱን ከሌላው እያምታቱ ነው ግማሹን ቀን የተናቆሩት። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። እዚህ የማቀርበው በራሴ አገላለጽ ነው። የማይረባውን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 1 እና 2

ቀልድ ናቸው። አንደኛው ለሻይ ያጣነውን ስኳር ጤፍ ሊጠጣብን ነው ወይ እያለ ያላግጣል። ሁለተኛው የሳቅ ምልክት ደርድሮ ሄደ።

መልስ 3

እዚህ ላይ ነገሩ መስመር ያዘ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ለጠያቂው አባት ጤናና መልካም አዝመራ ተመኙ። ቀጥለው ተክል ውሃ ሲያጥረው ምን እንደሚያደርግ አስረዱ።

ውሃ የሚሄደው የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ነው። አፈር ሲደርቅ፣ ወይም ጨው ሲበዛበት፣ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉ ታዲያ በሴሎቹ ውስጥ ስኳርና ስኳር መሰል ነገሮች ያጠራቅማል። ውስጡ ሲወፍር ውሃው እንደገና ወደ እሱ ይመጣል። ይህ አንዱ ሥራ ነው። ሁለተኛው ጥበቃ ነው። ፕሮቲንም የሴል ሽፋንም ቅርጻቸውን ይዘው የሚኖሩት ዙሪያቸውን በከበባቸው ውሃ ነው። ውሃው ሲለቅ ስኳሩ ቦታውን ተክቶ ይይዛቸዋል። ድርቀቱ ሲጸና ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይጠጥርና ሁሉንም ባለበት ያቆየዋል። በጭንቀት ጊዜ ሴል ውስጥ የሚፈጠሩ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችንም ያረግባል።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ፣ እኔ ከዚህ በፊት አስቤው የማላውቅ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ማንኛውም ስኳር አይደለም። ግሉኮስ ቢበዛ ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ያበላሸዋል፤ ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱን የሚያጠይመው ኬሚስትሪ ዘመዱ ነው። ሱክሮስ፣ ራፊኖስና ትሬሃሎዝ ግን ረጋ ያሉ ናቸው። ከሰው አይጣሉም።

መልስ 4

አንዲት እናት ከፍኖተ ሰላም ጻፉ። ዳቦ ጋግረው ይሸጣሉ። በፓኬት የሚገዙት ደረቅ እርሾ ለብ ባለ ውሃ ሲነከር ነፍስ የሚዘራው በዚሁ ምክንያት ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከብዙዎቹ መልሶች ይበልጣል።

መልስ 5

ይህኛው በስሜት የተጻፈ ነው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀችው ድርቅ የሚችል ስንዴ በዚሁ ስኳር የተሠራ ነው፣ እኛ ግን ገና ስለ ጠርሙስ እናወራለን የሚል ቁጭት ነበረው።

መልስ 6

ጋሼ ለባለ ዳቦዋ አዎ አሏቸው። እርሾ ትሬሃሎዝ ያጠራቅማል። ደርቆ ከርሞ የሚነሳበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ስኳሩ መጀመሪያ የተለየውም ከሰብል አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ራይ በሚባል የአውሮፓ እህል ላይ ከሚወጣ ፈንገስ ነው። እንጉዳይና ነፍሳትም አላቸው። በአብዛኞቹ ሰብሎች ውስጥ ግን ያለው ኢምንት ነው።

መልስ 7

ቁጥር 5ን አረመ፤ ትንሽ በንቀት፣ ግን ትክክል ነው። የአርጀንቲናው ስንዴ የተሰጠው ጂን ከሱፍ አበባ የተወሰደና ሌሎች ጂኖችን የሚያዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለቀቀው ድርቅ ቻይ በቆሎም የባክቴሪያ ጂን ነው የተሰጠው፤ እሱም ስኳር አያመርትም። ድርቅ የሚችል ሁሉ በስኳር አይደለም።

መልስ 8

የክሩ ረጅሙ። ጸሐፊው ባሕር ዳር ውስጥ ላብራቶሪ የሚሠራ ወጣት ነው። አንዳንዱ ቦታ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመስላል፤ ይዘቱ ግን ጠንካራ ነው።

እንደ እሱ አቀራረብ ታሪኩ ከተስፋ ወደ ብስጭት፣ ከብስጭት ወደ አዲስ ግንዛቤ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ትሬሃሎዝ የሚሠራ ጂን ትምባሆ ውስጥ አስገቡ። ተክሎቹ ድርቅ ቢችሉም ቀጨጩ፤ ቅጠላቸውም ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለ ቡድን ሩዝ ላይ የተሻለ ሥራ አሳየ። ሁለት የባክቴሪያ ጂኖችን አጣምረው አስገቡ፤ ጂኖቹ በተወሰነ የተክሉ ክፍል ወይም በችግር ጊዜ ብቻ እንዲነቁ አደረጉ። ሩዙ ከ3 እስከ 10 እጥፍ ትሬሃሎዝ ያዘ። ጨውንም ድርቅንም ብርድንም ከተራው ሩዝ በተሻለ ተቋቋመ።

ግን ያ 10 እጥፍ እንኳ ሲለካ ጥቂት ነው። ውሃ ለመሳብ አይበቃም። ታዲያ ምን ረዳው? ወጣቱ እዚህ ላይ ነው ጥሩ የተረከው። ትሬሃሎዝ ከመሠራቱ በፊት በመሃል የሚፈጠር ትሬሃሎዝ ስድስት ፎስፌት የሚባል ነገር አለ። ተክሉ ስንት ስኳር እንዳለው የሚያውቀው በእሱ ነው። መጠኑ ሲለዋወጥ ተክሉ ይደግ ወይስ ይቆጥብ፣ ስኳሩ ቅጠል ላይ ይቅር ወይስ ወደ ፍሬ ይውረድ የሚለው አብሮ ይለወጣል። ትምባሆው የቀጨጨውም ይህ ምልክት ስለተዛባበት ነው።

ከዚያ ቁጥር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት በቆሎ ውስጥ ከሩዝ የተወሰደ ጂን አስገቡ። ጂኑ የሚሠራው በሚያድገው ራስ ላይ፣ አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ብቻ ነው። በማሳ ሲሞከር ድርቅ በሌለበት ወይም ቀለል ባለበት ምርቱ ከ9 እስከ 49 በመቶ ጨመረ። ጠንከር ባለ ድርቅ ደግሞ ከ31 እስከ 123 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጂን ሳይነኩ በርጭት ሞከሩት። ያንን የመሃል ንጥረ ነገር ቀጥታ ብትረጨው ሴል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሴል ውስጥ መግባት በሚችል መልክ አዘጋጁት፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ይፈታል። ስንዴ ላይ እስከ 20 በመቶ የምርት ጭማሪ አዩበት።

መደምደሚያው ቁርጥ ያለ ነው። ቢቸና ገበያ የሚሸጠው ጠርሙስ ይህ አይደለም። ተራ ትሬሃሎዝ ቅጠል ላይ ረጭተው በጎ ውጤት ያገኙ የማሰሮ ሙከራዎች (ማሳ ላይ ሳይሆን ማሰሮ ውስጥ በተተከለ ሰብል ላይ የተደረጉ) መኖራቸውን አልካደም። ከማሰሮ እስከ ማሳ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ለገበሬ የሚመከርበት ደረጃ አልደረሰም።

እኔም እዚህ ላይ ከወጣቱ ጋር ነኝ። ስኳሩ የሚጠቅመው ተክሉ ራሱ፣ በቦታውና በሰዓቱ ሲሠራው ነው። ከውጭ መደፋቱ ሌላ ነገር ነው።

መልስ 9

ከደብረ ማርቆስ የጻፈ አንድ መምህር በደስታ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስንዴ ውስጥ ማኒቶል የሚባል ስኳር መሰል ነገር የሚሠራ የባክቴሪያ ጂን አስገብተው ድርቅና ጨው እንዲቋቋም ያደረጉት ተመራማሪዎች መሪ ጸሐፊ ጥላሁን አበበ መሆኑን አበሰረ። የሀበሻ ስም በማየቱ ኩራቱን መደበቅ አልቻለም። ስንዴው ውሃ የሚስበው በማኒቶሉ ብዛት ነው ብሎም ደመደመ።

መልስ 10 እና 11

ቁጥር 10 እንኳን ደስ ያለን ብቻ ነው። ቁጥር 11 ያው የላብራቶሪው ልጅ ነው፤ መምህሩን በአክብሮት አረመ። ስሙም ሥራውም ትክክል ነው። ግን ጽሑፉ ራሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ የተገኘው ማኒቶል ውሃ ለመሳብ የማይበቃ ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ የመጣው በሌላ የመከላከል ሥራ በኩል መሆን አለበት። ደግሞም ማኒቶል በትክክለኛ አጠራሩ የስኳር አልኮል ነው።

አልኮል የምትለዋ ቃል ክሩን አበላሸችው።

ከመልስ 12 እስከ 16

አንዱ ስንዴው ያሰክራል ወይ አለ። ሌላው ከዚያ ይልቅ የግብጦ አረቄ እንደሚሻል መሰከረ። የሰከላ ልጅ መጣ፣ የዳንግላ ልጅ መጣ። ግብጦ ስንት ቀን ወራጅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ የሚለው ሌላ ጦርነት ሆነ። አንዷ የእናቷን አሠራር በዝርዝር ጻፈች። ከርዕሱ ጋር ባይገናኝም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

ቁጥር 16 ሳያስበው ወደ ቤት መለሰን። መራራነቱ በውሃ ከሄደ ግብጦም ሽምብራም ባቄላም ሆድ የሚነፉት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

መልስ 17

ጋሼ ይህችን አላሳለፏትም። ሆድ የሚነፋው ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉት ስኳሮች ናቸው። የእኛ አንጀት የሚፈታበት ኢንዛይም የለውም። ታች ያሉ ባክቴሪያዎች ያፈሉታል፣ ጋዝ ይወጣል። ጥራጥሬው ግን ለእኛ ሆድ ብሎ አይደለም ያስቀመጣቸው። ዘሩ በስሎ ሲደርቅ ጽንሱን ከሚጠብቁት መካከል እነዚህ ናቸው። ጎተራ ውስጥ ደርቆ የከረመ ባቄላ ውሃ ሲያገኝ የሚበቅለው በከፊል በእነሱ ነው። አንዳንድ ተክሎች ድርቅ ሲመጣ ቅጠላቸው ውስጥም ራፊኖስ ያበዛሉ። በክሩ ውስጥ ብዙ ምስጋና ያገኘው መልስ ይኸው ነው፤ ይገባዋል።

መልስ 18

ነጋዴው ራሱ ገባ። ወይም ነጋዴው ነኝ ያለ ሰው። በትህትና አልጀመረም። የተማሩ ሰዎች ገበሬ ሲያገኝ ዓይናቸው ይቀላል የሚል መንፈስ ያለው ነው። የአጎቱ ልጅ ዱርቤቴ አካባቢ በቆሎ ላይ ረጭቶ ያፈሰውን ምርት እንደ ማስረጃ አቀረበ።

መልስ 19

አንዲት የምርምር ባለሙያ፣ አዴት የሠራች፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። የአጎቱ ልጅ ሳይረጭ የተወው ትልም ነበር ወይ? ያ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ከነበረ በቆሎው በራሱ ጊዜ ያምራል። ጎን ለጎን ካልታየ ማስረጃ አይባልም። ጥያቄዋ ጨዋ ነበር።

ከመልስ 20 እስከ 22

መልሱ ግን ጨዋ አልነበረም። ነጋዴው ሴትየዋን የወንበር ተመራማሪ አደረጋት። ሌላ ሰው ተነስቶ የላብራቶሪውን ልጅ የጂኤምኦ (ጂኑ የተለወጠ ዘር) ኩባንያዎች ተላላኪ አለው። ልጁም በዚያው ልክ መለሰ። ስለ ጥናት መናገር ዘር መሸጥ እንዳልሆነ፣ ኢትዮጵያ የራሷ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ እንዳላት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የፈቀደችውም ትል የሚከላከል ጥጥ እንጂ ስኳር የሚሠራ ሰብል እንዳልሆነ ጻፈ። ይህ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው ማንበብና መጻፍ ያለው ግን አስፈላጊ አልነበረም። የመድረኩ ኃላፊ አስጠነቀቀ።

መልስ 23

የተረሳችውን ሦስተኛ ጥያቄ ያነሳው የደምበጫ ሰው ነው። የሱቅ ስኳር በውሃ በጥብጦ የበርበሬ ችግኝ አጠጥቶ ያውቃል። ጉንዳን ወረረው። ከዚያ ሻጋታ። ከዚያ ችግኙ ገረጣ።

መልስ 24

የአዴቷ ባለሙያ ምክንያቱን ነገረችው። ስኳር አፈር ላይ ሲደፋ ባክቴሪያና ፈንገስ ይፈነጥዛሉ። ሲባዙ አፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ይሻሙታል፤ ችግኙ የገረጣው ለዚያ ነው። ስኳሩ ከበዛ ደግሞ ጋሼ በቁጥር 3 ያሉት ነገር ይገለበጣል፤ የሟሟው ነገር ከሥሩ ውጭ ስለሚበዛ ውሃው ለሥሩ ይርቃል። ድርቅ እከላከላለሁ ብሎ ድርቅ መጨመር ነው። ለቁጥር 20 ምንም አልመለሰችም። ይህ ከስድብ በላይ ያሳፍራል ብዬ አስባለሁ።

መልስ 25

የሞጣ ልጅ ነው፤ አሚባራ፣ አዋሽ ሸለቆ ይሠራል። ጨው ምን እንደሚመስል ጎጃም ያለ ሰው አላየውም ይላል። እዚያ ማሳው ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። በመስኖ ያለማፋሰሻ ሲጠጣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል፤ ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨው ይቀራል። ተክሉ መጀመሪያ ይጠማል፤ ቆይቶ ሶዲየሙ ራሱ ይመርዘዋል። ስኳር ለመጀመሪያው ይረዳል፤ ሶዲየሙን ግን አያስወጣም። ማፋሰሻ ቦይና አጠባ ነው መድኃኒቱ።

መልስ 26

የመራዊ ገበሬ ደነገጠ። የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ያህል ያጠጣል፤ እኛም ወደዚያ ነን ወይ?

መልስ 27

ጋሼ አረጋጉት። ጎጃም የሚዘንበው ብዙ ነው፤ ጨውን አጥቦ ያወርደዋል። ችግሩ ያ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዝየሙንም አብሮ ማጠቡ ነው። ስለዚህ የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ትልቁ የአፈር በሽታ አሲዳማነት ነው፤ ባንጃ፣ አንከሻ፣ ስናን፣ ጎዛምን ያለ ሰው ያውቀዋል። አሲድ ሲበዛ አልሙኒየም ይሟሟል፣ የሥሩን ጫፍ ያሳጥረዋል። ሥሩ ያጠረ ሰብል ዝናቡ ትንሽ ቢቆርጥ ወዲያው ይጠወልጋል። ገበሬው ድርቅ መታኝ ይላል፤ ውሃው ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ አለ። አልሙኒየም የሚችሉ የስንዴ ዓይነቶች ሥራቸው ማሌት የሚባል ኦርጋኒክ አሲድ እያወጣ አልሙኒየሙን ያስረዋል። እዚህ ላይ ስኳር አይደለም የሚሠራው። ኖራ መበተን ከጠርሙሱ ይቀድማል።

ይህን መልስ ሰው ብዙም አላየውም። ለጎጃም ገበሬ ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ይኸው ነው፤ ነጋዴው ስለ ጨው ያወራላቸው አባት ጨው ያለበት ማሳ የላቸውም።

መልስ 28

ወጣቱ ቀዝቀዝ ብሎ ተመለሰ። ደስ የሚል ነገር ይዞ ነው የመጣው። ጤፍ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ የሚበቅል አንድ የሣር ዘመድ አለው። ያ ሣር ፍጹም ደርቆ፣ የሞተ መስሎ ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ይነሳል። ሲደርቅ ቅጠሉ ውስጥ ሱክሮስ ያከማቻል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲዋ ጂል ፋራንት እንዲህ ዓይነት ተክሎችን ስታጠና የኖረች ናት፤ ሕልሟም ይህን ችሎታ ለጤፍ ማውረስ ነው። ነገሩ ቅዠት የማይሆነው የጤፍ ዘር ራሱ መድረቅ ስለሚችል ነው። ችሎታው ዘሩ ላይ አለ፤ ቅጠሉ ላይ ተዘግቷል።

መልስ 29

ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ከደጀን የጻፈ ሰው ማሽላን አስታወሰ። አገዳው የሚጣፍጠው ጥንቅሽስ? ጋሼ በአንድ መስመር መለሱለት። ዝናብ ቆርጦም ቅጠሉ አረንጓዴ የሚቆይ የማሽላ ዝርያ አለ፤ ዓለም በማዳቀል ሥራው የሚጠቀምበት ዋናው ምንጭ ከኢትዮጵያ የሄደ ዘር ነው። እንዲህ ያለው ማሽላ አገዳው ውስጥ ስኳር አቆይቶ የመገኘት ጠባይ አለው።

መልስ 30

ጠያቂው ትዕግሥቱ አለቀ። አባቱ ምን ያድርጉ?

መልስ 31

ጋሼ ለዘንድሮውና ለከርሞው ለይተው መከሩ። ዘንድሮ ጤፉ መሬት ላይ ነው፤ አረሙን በጊዜ ማንሳት፣ ያለውን እርጥበት አረም እንዳይጠጣው። ለከርሞ ዝናቡ ቶሎ ይቆርጣል ብለው ለሚሰጉበት ማሳ ቁንጮ ከሚባለው የጤፍ ዘር ይልቅ እንደ ፀደይ ወይም ቦሰት ያለ ቶሎ የሚደርስ ዘር መያዝ። ስንዴና ገብስ ላላቸውም አንድ ነገር አከሉ። እነዚህ ሰብሎች ዝናብ እያለ አገዳቸው ውስጥ ስኳር ያስቀምጣሉ፤ ዝናቡ ሲቆርጥ ያንን እያወረዱ ፍሬ ይሞላሉ። ስለዚህ በሐምሌና ነሐሴ ቅጠሉ በማዳበሪያ እጦት ቢጫ ከሆነ፣ ወይም በዋግ ከተበላ፣ በጥቅምት የሚወርድ ስኳር የለም።

መልስ 32

የአዴቷ ባለሙያ የጠርሙሱን መለያ ወረቀት ፎቶ አንስተው እንዲለጥፉ ጠየቀች። ጠያቂው ለጠፈ። በሊትር ስንት ግራም እንዳለበት አልተጻፈም። አምራቹም የለም።

መልስ 33

የመጨረሻው የጠያቂው ነው። ክሩን በስልክ ለአባቱ አነበበላቸው። አባትየው ነጋዴውን በሚቀጥለው ገበያ አገኙት፤ አንድ ጥማድ ይረጭ፣ አንዱ ይቅር፣ በኅዳር አውድማ ላይ ልዩነት ከታየ እጥፍ ይከፍላሉ። ነጋዴው በዱቤ አልሸጥም ብሏል።